ሰባት ዓመት ያልሻረው ዕዳ

ባለፈው ዓመት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለቅሶ ልንደርስ ተሰብስበን ንፍሯችንን እየቆነጠርን ስለ አገር ቤት ኑሮ ውድነት እናወራለን። በሩ ተከፈተና አንድ ጎልማሳ ገባ። ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናችሁ» አለና የሚቀመጥበት ቦታ በዓይኑ ፈለገ። ቦታ ነበረ። እኔ አጠገብ አንድ ወንበር ባዶውን ተቀምጧል። ግን «ና ወዲህ፣ አረፍ በል» ያለው ሰው አልተገኘም። ግድግዳውን ተደግፎ አሥር ደቂቃ ያህል ቆመና ተሰናብቶ ወጣ።

በሩ ገና በቅጡ ሳይዘጋ ከማዶ የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ «ይኼ ያ ዕቁብ የበላው ልጅ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«እሱ ነው» ተባሉ።

«የሰውም ስም አበላሽቷል አሉ። ተያዥ የሆኑለትን ሰውዬ እኮ…»

ጎረቤታቸው በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸውና ወሬው እዚያው ላይ ተቆረጠ። የተቆረጠው በእኔ ምክንያት ነው። ተያዥ የሆንኩት ሰውዬ እኔ ነኝ።

ነገሩ ከተፈጸመ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ልጁ (ዛሬማ ልጅ አይባልም፣ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል) ቤት ገዝቷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ባንክ ሳያምንህ በብድር ቤት አትገዛም። እንግዲህ ልብ በሉ። ምንም ዝምድና የሌለው፣ መልኩን እንኳ የማያውቀው ባንክ አምኖ ለ30 ዓመት የሚከፈል ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠው። እኛ፣ እንጀራ አብረነው የቆረስን፣ ቋንቋው የሆንን፣ ባዶ ወንበር ነፈግነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

*

ከመጀመሪያው ልነሳ። (የአሜሪካን ነገር ሳወራ ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።) ልጁ አገር ቤት ሳስተምር ተማሪዬ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ታክሲ የሚሠራበት መኪና ሊገዛ ፈለገና ብድር ከለከሉት። የከለከሉት መጥፎ ታሪክ ስላለው ሳይሆን ምንም ታሪክ ስለሌለው ነው። አሜሪካ ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በዚህ አገር ተበድሮ የማያውቅ ሰው ጨዋ አይባልም፤ የማይታወቅ ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ ታሪክ ነበረኝ። «ጋሼ፣ አንድ ፊርማ ብቻ» አለኝ። ፈረምኩ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ተያዥ የሚሆን ሰው ከመፈረሙ በፊት አንድ ማስታወቂያ እንዲሰጠው ከ1985 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ደንብ ያዛል። ማስታወቂያው አጭር ነው፤ ነገሩም ግልጽ ነው። ተበዳሪው ካልከፈለ ከፋዩ አንተ ነህ፤ አበዳሪው መጀመሪያ እሱን ሳያሳድድ በቀጥታ አንተን ሊይዝህ ይችላል፤ ባይከፈል መዝገብህ ላይ ይሰፍራል። ተማሪዎቼን ለዓመታት «መስመር በመስመር አንብቡ፣ ያልተጻፈውንም አንብቡ» እያልኩ ያደረቅኳቸው ሰውዬ፣ የተጻፈውን ሳላነብ ፈረምኩ። ለኛ ተያዥነት ውለታ ነው። ወረቀት ማንበብ ደግሞ ሰውዬውን እንደ መጠርጠር ይቆጠራል። ስንቱ በዚህ ይሉኝታ ገደል ገብቷል!

በ2008 ክረምት ቤንዚን በጋሎን ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። መስከረም ላይ ደግሞ ዎል ስትሪት ተናጋ፤ የታክሲ ደንበኛ ጠፋ። በዚያው ሰሞን የልጁ እናት አገር ቤት ታመሙ። ዕቁብ ቀድሞ ደርሶት ነበርና ያንን ገንዘብ ለሕክምና ላከው። ከዚያ ወዲህ የዕቁቡንም፣ የመኪናውንም ዕዳ መክፈል አቆመ። አምስት ወር እኔ ከፈልኩለት፤ ከዚያ እኔም አቃተኝ። አንድ ሌሊት መጥተው መኪናዋን ጎትተው ወሰዷት። በጨረታ ተሸጠች። የተሸጠችበት ዋጋ ዕዳውን አልሸፈነምና ቀሪው 6,400 ዶላር በሁለታችንም ስም ተመዘገበ።

የኔ ክሬዲት ስኮር ከ740 ወደ 590 ወረደ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ልጄ ኮሌጅ ስትገባ ነው። የትምህርት ብድሯ ላይ ልፈርምላት አብሬያት ሄድኩ። ወረቀቱን ያየው ሠራተኛ በጣም ትሑት ነበር። «ሌላ የሚፈርምላት የቤተሰብ አባል ይኖር ይሆን?» ብሎ ጠየቃት፤ እኔን ሳይሆን እሷን። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም።

ከዚያን ቀን በኋላ የልጁን ስልክ አላነሳሁም።

*

ለአገር ቤት አንባቢ ይህ «ክሬዲት» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ላስረዳ። በ1837 በአሜሪካ የገንዘብ ቀውስ ሆነና የታፓን ወንድማማቾች የሐር ንግድ ክፍያ እስከማቆም ደረሰ። ከወንድማማቾቹ አንዱ ሉዊስ ታፓን በ1841 ኒውዮርክ ላይ አንድ ድርጅት አቋቋመ። ሥራው በየከተማው ካሉ ታማኝ ሰዎች የነጋዴውን ጠባይ እያጠያየቀ በትልልቅ መዝገብ ማስፈር ነበር። ይጠጣል? ቃሉን ይጠብቃል? ሚስቱ አባካኝ ናት? እንግዲህ የክሬዲት መዝገብ አጀማመሩ ቁጥር አልነበረም፤ ትረካ ነበር። ደህና አድርጎ የተደራጀ ሐሜት ቢሉት አይበዛበትም።

በ1899 አትላንታ ላይ የተመሠረተውና ዛሬ ኤኩፋክስ የሚባለው ድርጅትም በዚያው መንገድ ሄደ። በተራ ሰዎች ላይ ፋይል እየከፈተ ስለ መጠጣቸውና ስለ ጓዳቸው ጭምር ወሬ ለቀመ። ሰዎች በማያዩት ፋይል፣ በማያውቁት ወሬ ሥራና ኢንሹራንስ ይከለከሉ ጀመር። ጩኸቱ በረታና በ1970 ሕግ ወጣ። ሕጉ ዋና ዋናዎቹን ሦስት ነገሮች ለተራው ሰው ሰጠ። ፋይልህን የማየት መብት። ስህተት ሲኖርበት የመከራከር መብት። ሦስተኛውና ለዛሬው ጨዋታችን ዋነኛው ደግሞ የጊዜ ገደብ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ታሪክ፣ ክፍያው ተቋርጦ ሳይመለስ ከቀረበት ጊዜ አንስቶ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ ከመዝገቡ ይወጣል። ኪሳራ በፍርድ ቤት ያሳወጀ ሰው እንኳ አሥር ዓመት ነው ጣራው። ዛሬ ሁሉም የሚያወራለት ቁጥር፣ ከ300 እስከ 850 የሚደርሰው፣ በ1989 የመጣ ነው።

እንዴት ይጠገናል? ይህን ሳልናገር ባልፍ ከአንባቢ መታረቂያ የለኝም። እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። መጀመሪያ ከሦስቱም መዝጋቢዎች፣ ከኤኩፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን ሪፖርቴን አወጣሁ። (ያኔ በነጻ የሚገኘው በዓመት አንዴ ነበር፤ ከ2020 ጀምሮ በየሳምንቱ ሆኗል።) ሪፖርቱን የወደቀ ተማሪ ፈተናውን እንደሚያነብ አድርጌ አነበብኩት። ሞክሼ የሆነ ሌላ ሐበሻ የሆስፒታል ዕዳ እኔ ላይ ተለጥፎ አገኘሁ። የእኛ ሰው የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አድርጎ ያስመዘግባል፤ ያውም በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በአራት ዓይነት ይጽፈዋል። መኮንንና መኮንን ቢምታታ ምን ይገርማል? በጽሑፍ ተከራከርኩ፤ ሕጉ በሚለው 30 ቀን ውስጥ አጣርተው ሰረዙት። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት ከአምስት ሰው የአንዱ ሪፖርት ቢያንስ በአንደኛው መዝገብ ስህተት ተገኝቶበታል። ስለዚህ ይህ የኔ ብቻ ዕድል አይደለም።

ቀጥሎ 300 ዶላር መያዣ አስቀምጬ በዚያችው መጠን የምትሠራ ካርድ አወጣሁ። በወር ቤንዚን ብቻ እየቀዳሁባት ሳላሳልፍ ከፈልኩ። ከስኮሩ ትልቁ ድርሻ፣ 35 በመቶ የሚሆነው፣ በሰዓቱ መክፈል ነው፤ 30 በመቶው ደግሞ ያለብህ የዕዳ መጠን። ሌላ ተንኮል የለውም። ጥቂት ይከፍላሉ፣ በሰዓቱ ይከፍላሉ፣ ይጠብቃሉ። መልሶ መውጣት እንደ ኮረኮንች ዳገት ነው፤ ቀስ ነው።

ጊዜ የሚፈጀው ነገር ሁሉ ደግሞ አቋራጭ ሻጭ አያጣም። በየሐበሻ ሱቁ በር ላይ «ክሬዲትዎን በ30 ቀን እናስተካክላለን» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ ስንቴ አይቻለሁ። ከ1996 ጀምሮ ያለ ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ ቀድሞ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። እነሱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ገንዘብ ነው። ከዚያም ብሶ «አዲስ ቁጥር እናወጣልዎታለን» የሚሉ አሉ። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ወንጀሉም የሚተርፈው ለገዢው ነው። እውነተኛ የሆነን መጥፎ ታሪክ በገንዘብ የሚፍቅ ሰው የለም። ደግሞም ያረጀ ዕዳ ላይ «ለጊዜው ይችን ልክፈል» ብሎ ትንሽ ገንዘብ መወርወር በብዙ ግዛቶች አበዳሪው የመክሰሻ ጊዜውን እንደ አዲስ እንዲቆጥር ያደርገዋልና፣ ከመክፈል በፊት ሕግ አዋቂ ይጠየቅ።

*

አሁን ወደ ሂሴ ልመለስ።

ይህን ቁጥር ላሞግሰው አልተነሳሁም። ቁጥሩ ደንቆሮ ነው። የእናቱን ሕክምና የከፈለውንም፣ ካዚኖ የበላውንም በአንድ መስመር «90 ቀን ዘግይቷል» ብሎ ይጽፋቸዋል። ምክንያት አይጠይቅም። ገፀ ባሕርይ አለ፣ ድርጊት አለ፣ ሰበብ ግን የለም። እንዲህ ያለ ድርሰት ተማሪ ቢያመጣልኝ ኖሮ ጥዬው ነበር።

ነገር ግን የኛንስ መዝገብ አያችሁት? ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም የምንገልጠውን? የኛ መዝገብ ለማንም በነጻ አይሰጥም፤ ባለቤቱ ምን እንደተጻፈበት አያይም። የሚያውቀው ወንበር ሲያጣ ነው። ስህተት ነው ብሎ የሚከራከርበት መስኮት የለውም፤ 30 ቀንም የለውም። ሰባት ዓመትማ ጨርሶ አያውቅም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የምንለው ለበጎው ብቻ አይደለም። ባለዕዳውን እንቀብረዋለን፤ «ዕቁብ የበላው» የሚለውን ስሙን ለልጆቹ እናወርሳለን።

አበው እንዲህ ነበሩ እንዳንል ደግሞ ታሪክ ይታዘበናል። ድሮ አበዳሪና ባለዕዳ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ አብረው እየሄዱ፣ አብረው እያደሩ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ይቆዩ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ቃሉ ዛሬም «የአልጋ ቁራኛ» ስንል ይሰማል። አሠራሩ ጨካኝ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ነበረው። ዳኛው ሲፈርድ፣ ዕዳው ሲከፈል ወይም ዋስ ሲጠራ ቋጠሮው ይፈታል። ሁለቱም ልብሳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ንስሐ አባት የሚሰጡት ቀኖናስ ቢሆን? የጾሙ ቀን ይቆጠራል፣ ስግደቱ ይቆጠራል፣ ያልቃል። ሰባት ዓመትም ለኛ እንግዳ ቁጥር አይደለም። በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲተው የሚያዘው ሕግ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 ላይ ተቀምጧል። መጨረሻ ያለው ቅጣት በባህላችን ሞልቷል። በባህላችን የሌለው፣ እኛ የፈጠርነው፣ መፍቻ የሌለው ቋጠሮ ነው።

«ታዲያ የበላውን ዝም እንበለው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ዕቁብ የሚቆመው በመተማመን ነው። ፊርማ የለው፣ ፍርድ ቤት የለው፣ አንዱ ሲያጎድል ከተረኞቹ የአንዱ የልጅ ትምህርት፣ የአንዱ የቤት ኪራይ ይጎድላል። የጎዳ ሰው መጠየቅ አለበት። ማወቅም መብታችን ነው። እኔ የምለው፣ የሚጠይቅ ሰው መልሱንም መመዝገብ አለበት ነው። ያልከፈለን «አልከፈለም» ያለ አፍ፣ ሲከፍል «ከፈለ» ማለት ይገባዋል። ባንኩ እንኳ ይህን ያደርጋል።

*

እንግዲህ የሸሸግሁትን ላውጣ።

በ2013 ሪፖርቴን ሳገላብጥ ያች የመኪና ዕዳ ካለችበት መስመር ላይ ዓይኔ ተተከለ። ከዓመት በፊት፣ በ2012፣ በስምምነት ተከፍላ ተዘግታለች። እኔ አልከፈልኩም። ዕዳው ያለው በሁለት ሰው ስም ነው። አንደኛው ካልከፈለ ማን እንደከፈለ ለማወቅ ሥነ ጽሑፍ መማር አያስፈልግም። ሰብሳቢዎቹ መደወል የተዉትም ለካ ለዚህ ነበር።

ምን አደረግሁ? ለራሴ ጥቅም ሲሆን የሞክሼዬን ዕዳ በ30 ቀን ያሰረዝኩት ሰውዬ፣ ለእሱ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ደስ አለኝ፣ ወረቀቱን አጠፍኩ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። በ2015 ሰባት ዓመቱ ሞላና መስመሯ ከሁለታችንም መዝገብ ጠፋች። ስኮሬ ተመለሰ። ቡና ላይ ግን «እሱ ልጅ እኮ ጉድ ሠራዎት» ሲሉኝ «ተዉት፣ እግዜር ይይለት» እያልኩ ቀጠልኩ። አያችሁ? አልዋሸሁም። «ከፍሏል» አላልኩም እንጂ ክፉ አልተናገርኩም። እንዲያውም ታጋሽ፣ ተበድሎ ዝም ያለ ጨዋ ሰው ተብዬ ተመሰገንኩበት። የእሱ ውርደት ለእኔ ክሬዲት ሆኖኝ ነበር።

ከዚያ ለቅሶ በኋላ በሦስተኛው ቀን ደወልኩለት። ከብዙ ዓመት በኋላ ድምፄን ለየው።

«አቤት ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«የመኪናዋን ዕዳ የከፈልከው አንተ ነህ?»

«አዎ። ገንዘቡን ሰብስቤ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ።»

«የዕቁቡስ?»

«ለዳኛው በየወሩ እየሰጠሁ ጨርሻለሁ። እሳቸው አረፉ እንጂ ይመሰክሩልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ትንሽ ዝም አለ። «መቼ ስልክ አነሱልኝ ጋሼ?»

ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምንም አይደል» አለ። ምንም እንዳልሆነ የማይመስል «ምንም አይደል» ነበር። እሱም ጊዜ ይፈልጋል፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት እኔ አልወስንለትም።

በቀጣዩ እሑድ ያችኑ እናት አገኘኋቸውና «ያ ልጅ ከፍሏል፣ የኔንም የዕቁቡንም» አልኳቸው። ገርሟቸው አዩኝ። «እንዴ! መቼ?» አሉ። «በ2012» ብል ፊታቸው ተለወጠ። «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አሉኝ። ጥያቄው ልክ ነው። መልስ ግን አልነበረኝም።

*

ይህን ለአገር ቤት አንባቢ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጥሩ ወደ እናንተም መጥቷል። ባንኮች የተበዳሪን ታሪክ ከብሔራዊ ባንክ ቋት ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። በ2014 ዓ.ም. (በኛው አቆጣጠር) መጨረሻ ላይ በቴሌብር ብድር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ቤትም ዋስም የማያስይዝ ሰው በስልኩ ታሪክ ተመዝኖ ይበደራል። መልካም ነው፤ በር ለተዘጋበት በር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና ስህተቱን እንዲያሳርም መብት ሰጥቷል። ተጠቀሙበት። ፋይላችሁን ጠይቁ። ተያዥ ስትሆኑ ወረቀቱን አንብቡ፤ ማንበብ ወዳጅን መጠርጠር አይደለም። «መጥፎው ታሪክ ስንት ዓመት ይቆያል?» ብላችሁም ጠይቁ።

ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው እስከ ባንኩ በር ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ የቡናውን መዝገብ፣ የምንይዘው እኛ ነን። እያንዳንዳችን መሳቢያ ውስጥ ያልታረመ የአንድ ሰው ፋይል አለ። የኔን ዛሬ አውጥቻለሁ። ከአሥር ዓመት በላይ የዘገየ ቢሆንም ይህችን አምድ እንደ እርማት ቁጠሩልኝ። ያ ሰው ከፍሏል።